የተቋጠረው ሜዳ

የሜዳ ጠባቂው ዳምጤ በሕይወት ሳለ ማንንም ወደ ሜዳው አያሳልፍም ነበር። ሞቶም አላሳለፈም። ሬሳው ከመግቢያው በታች ባለው ቦይ ውስጥ በአፉ ተደፍቶ ሲገኝ የጎልባ ሰው ሁሉ ወጥቶ ከበበው፤ አለቀሰ፣ ተጨቃጨቀ፣ ፖሊስ አስጠራ። ከመግቢያው ወዲያ ግን አንድ እግር አልተነሳም።

ጎልባ ከገረሴ በላይ ያለች፣ ጉም ቤት ተከራይቶ የሚኖርባት የምትመስል መንደር ናት። ዘንድሮ ደግሞ በልጉ ገባ ሲሉት አልወጣ ብሏል። ዝናቡ ያባራና ሰው «ተመስገን» ሊል አፉን ሲከፍት አፉ ውስጥ ይዘንብበታል። ኢንስፔክተር አሰፋሽን ከአርባ ምንጭ ያመጣቻት መኪናም ከገረሴ ወጣ እንዳለች ጭቃ ጎርሳ ቀረች፤ የቀረውን ዳገት ኢንስፔክተሯ በእግሯ ወጣችው።

አሰፋሽ አጭር፣ ወፈር ያለች፣ ስትናገር የማትቸኩል ሴት ናት። ሰው ሲያያት የሰፈር ዕቁብ ዳኛ ትመስለዋለች፤ በዚህም ብዙ ሌባ ተሞኝቷል። መንደሩ መግቢያ ላይ የተቀበላት ኮንስታብል ዲሪባ ግን አንድም ሰው አያሞኝም። አዲስ ጥቁር ጫማ አድርጎ ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለለ መጣ።

«ጉዳዩ እኮ ያለቀ ነው፣ ኢንስፔክተር።»

«ካለቀ ለምን ጠራችሁኝ?»

«ለፊርማ።»

«እሺ፣ ምን ላይ ነው የምፈርመው?»

«ሸዋነሽ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት አለች። ትናንት ከተዘጋው ሜዳ ሣር ስታጭድ ዳምጤ ያዛትና ማጭዷን ቀማት። እሷም በሰው ፊት ‹አፈር ብላ› አለችው። ዛሬ ጠዋት እሱ ሞቶ፣ ማጭዷ ከሬሳው ጎን ተገኘ። ሌላ ምን ቀረ?»

«እኔም ለባሌ በየቀኑ አፈር ብላ እለዋለሁ። እስካሁን የሚበላው ጥሬ ሥጋ ነው።» ቦዩ ጋ ሲደርሱ ኢንስፔክተሯ ሬሳው የተሸፈነበትን ጋቢ ገለጥ አድርጋ የዳምጤን የኋላ ራስ አየች። ሰፊ፣ የተጨፈለቀ ቁስል ነው። «ማጭድ ይቆርጣል እንጂ እንዲህ አይፈነክትም። ይሄ ዱላ ነው። ደግሞስ ማጭዱን ቀማት አላልከኝም?»

«አዎ፣ ቀማት።»

«ታዲያ ማጭዱ ዳምጤ ጋ ነበር። ይዞት ወጣ፣ ይዞት ወደቀ። የሸዋነሽ እጅ የት ገባ?»

ዲሪባ ጫማውን አየ። ጫማው ግን መልስ አልነበረውም።

ኢንስፔክተሯ ጎንበስ ብላ የሟቹን ፊት አየች። አፍና አፍንጫው ጭቃ ሞልቶበታል። ዳምጤ ተመትቶ ሲወድቅ አልሞተም ነበር ማለት ነው፤ ቦይ ውስጥ ነው የተነፈሰው። ይህን ለራሷ ያዘችው። ጋቢውን መልሳ ስትሸፍነው እጇ ከወትሮው ዘገየ።

የመንደሩ ሀላቃ፣ ማለትም ሕዝቡ መርጦ የሾማቸው ሽማግሌ፣ አባ ጌታነህ ይባላሉ። ረጅም ናቸው። ዓይናቸውን ሞራ ስለጋረደው ሲናገሩ ከሰውየው ትንሽ ጎን ያለውን አየር ነው የሚያዩት።

«ልጄ፣ እንኳን መጣሽ» አሏት። «ከሰዓት በኋላ ሽማግሌው ዱቡሻ ላይ ይቀመጣል። ዱቡሻ መሰብሰቢያችን ነው። ሰው ሁሉ ጎሜው የሸዋነሽ ነው እያለ ነው።»

«ጎሜ ማለት ነውር?»

«ከነውር ይከፋል። ነውር ለሠራው ሰው ነው። ጎሜ ለመንደር ይተርፋል፤ ዝናቡ ይከፋል፣ ከብት ያልቃል። ጎሜ አለባት ከተባለ ማንም ሰላም አይላትም። ላሟን ማንም ከላሙ ጋር አያሰማራም። እንግዲህ ትሄዳለች።»

«ወዴት ትሄዳለች?»

«እሱን ማንም አይጠይቅም።»

«አባ፣ እሱን የሚያጣራ እኮ ፖሊስ አለ።»

«ፖሊስ ያስራል፣ ይፈታል። ከሰው የወጣን ግን የሚፈታው የለም። ሌላ ሰው ከሆነ ከመቀመጣችን በፊት ንገሪኝ። ከተቀመጥን አፋችን አንድ ጊዜ ነው፤ የፈረድነው አይመለስም።»

ኢንስፔክተሯ ወደ ሜዳው መግቢያ ዞረች። ሁለት ችካል ቆሟል፤ በመካከላቸው ከእርጥብ ሣር የተገመደ ገመድ ተወጥሮ መሐሉ ላይ ተቋጥሯል። ከኋላው ሜዳው ጉም ለብሶ ተኝቷል። ጨቅላ ሕፃን እንኳ ሊሻገረው የሚችል ገመድ ነው፤ ግን መንደሩ በሙሉ እንደ ግንብ ከሱ ወዲህ ቆሟል።

«ይሄ ነው መዝጊያው?»

«እሱ ነው። ዘንድሮ መሬቱ ውኃ ጠግቦ አቅቶታል። ከብት ከገባበት በሰኮናው እየወጋ ሥሩን ይገለብጠዋል፤ ከዚያ እስከ ክረምት ጭቃ እንጂ ሣር የለም። ስለዚህ እስኪጠነክር ዘጋነው። ከብቱ ቤት ታስሮ ገለባና ኮባ ይበላል፤ የእንሰት ቅጠል ማለቴ ነው። ሰው ተቆጥቷል። ግን ተዘጋ።»

«በሣር?»

«ሜዳ የሚታሰረው በራሱ ፀጉር ነው። ጠባቂው ከዚያው ከሜዳው ነቅሎ ይገምዳል። ሲደርቅ ሌላ ይገምዳል። ቋጠሮው ካለ ከጠባቂው በቀር የሚያልፍ የለም። ዛሬም ስላለ ማንም አልገባም።» አባ ጌታነህ ፊታቸውን ወደ ችካሎቹ አዙረው «አለ አይደል? አለ ብለውኛል» አሉ።

«አለ» አለች አሰፋሽ። «ከጠርዙ አንድ እፍኝ መንቀልስ ክልክል ነው?»

«ለለቅሶና ለዕርቅ ይነቀላል። ደም ያለበት እጅ ግን አይነካውም። ከነካው የዚያ ሰው ከብት አንድ ሳይቀር ያልቃል። እንዲህ ነው የምናውቀው።»

ኢንስፔክተሯ ወደ ገመዱ ጠጋ ብላ አንድ ጣቷን በቅጠሉ ጠርዝ ላይ ጎተተች። እናቷ ዕድሜዋን ሙሉ በአርባ ምንጩ ሲቀላ ገበያ ሣር ተሸክማ ስትሸጥ የኖረች ናት፤ አሰፋሽም ሣር በእጅ እንጂ በዓይን ሲታወቅ አታውቅም። የገመዱ ቅጠል ሰፊ ነው፤ ጠርዙም ይሻክራል። ከችካሉ ሥር የበቀለውን የሜዳውን ሣር ደግሞ ዳሰሰችው። እንደ ሕፃን ፀጉር የቀጠነና የለሰለሰ ነው። ጣቷን በቀሚሷ ጠረገችና ስለ ቋጠሮው ትንፍሽ ሳትል «ሸዋነሽ የት ናት?» አለች።

ሸዋነሽ ቤቷ ነበረች። ደጇ ላይ ሰው የለም፤ ጎረቤት የሚባለው ሁሉ ድንገት ሌላ መንገድ ያገኘ ይመስላል። አንዲት ቀይ ላም ከምሰሶ ታስራ ኮባ ታኝካለች። ባለቤቷ ከጎኗ ተቀምጣ ኮባውን በቢላ ትቆራርጣለች።

«ልታስሪኝ ከሆነ ቆይ፣ ይቺን ላብላት» አለች ሸዋነሽ ሳትነሳ።

«ልጠይቅሽ ነው እትዬ። አፈር ብላ ብለሽዋል?»

«ብዬዋለሁ። ድንጋይም ልጨምር ነበር፣ ሰው ጎተተኝ።»

«ሜዳው ተዘግቶ ሳለ ለምን ታጭጃለሽ?»

«ይቺ ላም ኮባ ብቻ በልታ ወተቷ ጠፋ። ከወተቷ ሌላ የለኝም። በእጄ ይዤ የወጣሁት አንዲት ጉርሻ ሣር ናት፤ እሱ ግን አገር የሰረቅኩ አስመሰለው። ልክ ነበር ግን። ሕጉ ሕግ ነው። እኔ የሰደብኩት ልክ ስለነበረ ነው፤ ባይሆንማ ምን ያናድደኛል?»

«ጎሕ ሲቀድ የት ነበርሽ?»

«እዚሁ።»

«ማን ያውቃል?»

«ላሟ። ጥሪና መስክሪ በያት።»

አሰፋሽ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ዞር ዞር አለች። ከላሟ ኋላ ያለው እበት ጠቆር ብሎ እንደ ድፎ ዳቦ ተቀምጧል። ጓሮው እንሰት ብቻ ነው።

«እትዬ፣ ደሾ ሣር የለሽም? እርከን ዳር የሚተከለው፣ ቅጠሉ ሰፊው?»

«የት ልተክለው? ጣሪያ ላይ? ደሾ ያለው ወልደየሱስ ነው፤ እርከኑን ሁሉ አልብሶታል። ሌላው ሰው ገና ከማቴዎስ ችግኝ እየጠበቀ ነው።» ቢላውን አስቀመጠች። ድምጿ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጠነ። «እንስፔክተር፣ ከሰዓት በኋላ ሊያወጡኝ ነው አይደል? እኔ እስር ቤት አልፈራም። እስር ቤት እንኳ ሰው አለ።»

አሰፋሽ «ላሟን አብያት» ብላ ወጣች።

ማቴዎስ የተባለው የግብርና ባለሙያ ራሱ መንገድ ላይ ጠበቃት። ከተማ ያደገ፣ ቀጭን፣ ቦት ጫማው እስከ ጉልበቱ ጭቃ የሆነ ወጣት ነው።

«እኔንም ይጠይቁኝ» አለ። «ሰዎቹ ጠዋት ቦዩ ጋ አይተውኛል። ውኃው ግድቡን ሰብሮ እንደሆነ ለማየት ወጥቼ ነበር። ስመለስ ዳምጤን ያገኘሁትም የጮህኩትም እኔ ነኝ።»

«ከዳምጤ ጋር ተጣልተህ ታውቃለህ?»

«በየሳምንቱ። ሜዳውን ከፋፍለን ከብቱን በተራ እናስገባ አልኩት፤ አንዱ ሲጋጥ ሌላው ያርፋል። ‹ሜዳ ዳቦ ነው እንዴ የምትቆርሰው?› አለኝ።»

እያወሩ ሜዳው መግቢያ ደረሱ። ማቴዎስ በገመዱ ላይ እጁን ሰዶ ከሜዳው ጠርዝ አንድ እፍኝ ሣር ከነሥሩ መንጭቆ አወጣ። ከኋላቸው የቆመው ሰው ሁሉ ትንፋሹን ሳበ፤ አንዲት አሮጊት ፊቷን ሸፈነች።

«ሥሩን ይዩት፣ ውኃ ሲያንጠባጥብ። እውነቱን ልንገርዎት፣ ዳምጤ ልክ ነበር። በዚህ ጭቃ በተራም ቢሆን ማስገባት አይቻልም ነበር። ልነግረው አስቤ ነበር።» ሣሩን ወርወር አደረገው።

«ጎሜ አትፈራም?»

«እኔ ወንጌል አማኝ ነኝ፣ ኢንስፔክተር። የምፈራው ሌላ ነው።»

የማቴዎስን የችግኝ ጣቢያም አየች። ደሾው ረድፍ ረድፍ ሆኖ በቅሏል፤ ርዝመቱ ግን ገና የጣት ያህል ነው። «ቆንጆ ነው» አለች። ዲሪባ አለቃው ምን ቆንጆ እንዳገኘችበት ሊገባው አልቻለም።

ወልደየሱስ ከቦዩ ማዶ የሚኖር የደላው ሰው ነው። ቆርቆሮ ቤት፣ በጣሪያው ላይ የፀሐይ መብራት፣ በረት ሙሉ ከብት አለው። ከቤቱ ሥር ያሉት እርከኖች ጫፍ ጫፋቸው ወገብ በሚደርስ ደሾ ተከበዋል። እንግዶቹን በፈገግታ ተቀበለ፤ ዱላውን ከእጅ እጅ ያገላብጣል። ዱላው ገና የተላጠ፣ ነጭ ነው።

«አዲስ ዱላ ነው አቶ ወልደየሱስ?»

«አሮጌው ተሰበረብኝ። ይግቡ፣ እርጎ አለ። መቼም አዝነናል። ዳምጤ ጥሩ ሰው ነበር፤ ትንሽ ግትር ነው እንጂ። ሸዋነሽንም አልፈርድባትም። ረሃብ ነው።»

«ጎሜው የሷ ነው ይላሉ።»

«ጎሜ!» ወልደየሱስ ሳቀ። «እሱ የአያቶቻችን ነው። እኔ ቤቴን በፀሐይ የማበራ ሰው ነኝ።»

ኢንስፔክተሯ የገለባውን ክምር ዞር ብላ አየችውና እጇን እስከ ክርኗ ሰደደችበት። ቶሎ አወጣችው። ውስጡ ትኩስ ነው፤ የሻጋታ ሽታ ይዞ ወጣ።

«ገለባዎ ይተኩሳል።»

«ትንሽ ረጥቦ ነው።»

«ከብቶቹ ታዲያ ምን ይበላሉ?»

«ያንኑ ደረቅ ደረቁን። ኮባም እንጨምራለን። ሜዳው ከተዘጋ ወዲህ ሌላ ምን አለ?»

«ደሾ አለ። ይሄን የመሰለ።»

«እሱማ ገና ነው። ማቴዎስ ሥሩ እስኪይዝ እንዳትነኩ ስላለን አንድ ቅጠል አልነካሁም።»

ኮንስታብል ዲሪባ ይህን ንግግር በጥሞና ሲሰማ አንድ እርምጃ ወደ በረቱ ገባ። አንድ እርምጃ በቃው። እግሩ ከሥሩ ሸሸና በሁለት እጁ ምሰሶ አቅፎ ቆመ። አዲሱ ጫማው እስከ ማሰሪያው በቀጭን፣ አረንጓዴ እበት ተነክሯል። የከብቶቹ ጭራና ጭን ሁሉ እንደዚያው ተረጭቷል።

«ይቅርታ፣ ኮንስታብል» አለ ወልደየሱስ።

«ኧረ ግድ የለም» አለች አሰፋሽ በሱ ፋንታ። «ጫማው ዛሬ ሥራ ሠራ።»

ሲወጡ በመጀመሪያው እርከን፣ ለቦዩ በቀረበው ጥግ፣ ከደሾው አንድ ቁና የሚያህል ተነቅሎ ጉድጓዱ ውኃ ማቆሩን አየች። ዲሪባ ጫማውን በቅጠል እየጠረገ ስለነበር ምንም አላየም።

«ዲሪባ፣ ሂድና አባ ጌታነህን ለምንልኝ። ሽማግሌው ዛሬ ዱቡሻ ሳይሆን ሜዳው በር ላይ ይቀመጥ። ሦስቱም ይምጡ፦ ሸዋነሽ፣ ማቴዎስ፣ ወልደየሱስ።»

«ሸዋነሽን ሰው አያስጠጋትም።»

«አጠገቤ ትቆማለች። እኔን የሚሸሽ ይሽሽ።»

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ወደ ካፊያ ወርዶ ነበር። ሽማግሌዎቹ ድንጋይ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ መንደሩ ከኋላ ቆመ። ሸዋነሽ ከኢንስፔክተሯ ጎን ስትቆም በዙሪያቸው ሰፊ ባዶ ቦታ ተፈጠረ።

አሰፋሽ ድምጿን ሳታነሳ ጀመረች።

«አባቶቼ፣ ይሄን ቋጠሮ ሁላችሁም ከሩቅ አይታችሁ ‹ማንም አልገባም› አላችሁ። ማንም ካልገባ ዳምጤን የገደለው የሜዳ ጠብ ሳይሆን የትናንቱ ስድብ ነው ብላችሁ ሸዋነሽ ላይ ደረሳችሁ። መንገዱ ቀጥ ያለ ነው። የተሳሳተው መነሻው ላይ ነው። አባ ጌታነህ፣ ይምጡና ቋጠሮውን ይዳስሱት።»

ሽማግሌው ተመርተው መጡ። ጣታቸው ገመዱ ላይ ሄደ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ሄደ። ፊታቸው ተለወጠ።

«ይሄ የሜዳው ፀጉር አይደለም» አሉ። «ይሄ ደሾ ነው።»

ጉምጉምታ ተነሳ።

«ዳምጤ በደሾ ይቋጥር ነበር?»

«ዳምጤ? እጁን ይቆርጣል እንጂ አያደርገውም።»

«እንግዲህ የዳምጤን ቋጠሮ የበጠሰ አለ፤ ይሄንንም በምትኩ የቋጠረ አለ። ለምን ይቋጥራል? እናንተ እንዳትገቡ ነዋ። ቋጠሮ ካለ የጎልባ ሰው አያልፍም። ጥቂት ቀን ካላለፈ ሣሩ ያድጋል፣ ዝናቡም ውስጥ ያለውን ነገር ይሸፍናል። ውስጥ ምን እንዳለ ለማየት ያለ እናንተ ፈቃድ አልገባሁም። አባ፣ ይፍቱልንና አብረን እንይ።»

አባ ጌታነህ ከሽማግሌዎቹ ጋር በጋሞኛ ጥቂት ተነጋገሩና ቋጠሮውን ፈቱት። ወደ ጉሙ ሲገቡ አሥር እርምጃ እንኳ መሄድ አላስፈለገም። ሜዳው በሰኮና ተበሳስቶ፣ እያንዳንዱ ቀዳዳ ውኃ ሞልቶ፣ ሣሩ ከነሥሩ ተገልብጦ ነበር። አንድ ሽማግሌ ተንበርክኮ የተገለበጠውን ሣር እንደ ቁስለኛ መልሶ ለመትከል ሞከረ።

«የብዙ ከብት ነው» አለች አሰፋሽ። «ሸዋነሽ አንዲት ላም ናት ያላት፤ የላሟ እበት ደግሞ ጠቆር ያለና ደረቅ ነው። ለምለም ሣር የበላ ከብት እንዲያ አያወጣም። ለምለም የበላውንማ ኮንስታብል ዲሪባ ይንገራችሁ፤ ጫማው ላይ አለ።»

ሰው ሊስቅ ፈልጎ አፈረ።

«ደሾው ከየት መጣ? ሸዋነሽ ደሾ የላትም። የማቴዎስ ደሾ የጣት ርዝመት ነው፤ ለገመድ ቀርቶ ለጥርስ መጎርጎሪያ አይበቃም። ገመድ የሚሆን ደሾ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው። አንድ ቅጠል አልነካሁም ያለኝ ሰው፣ ቦዩ ጋ ካለው እርከኑ ደሾ ተነቅሏል። ከብቶቼ ገለባ ይበላሉ ያለኝ ሰው፣ ገለባው ሻግቶ ይተኩሳል፣ ከብቶቹ አረንጓዴ ያወጣሉ።»

ሁሉም ወደ ወልደየሱስ ዞረ። ወልደየሱስ ፈገግታውን አልጣለም።

«ደሾ ከእርከኔ ማንም ሊነቅል ይችላል። ማቴዎስ ራሱ የተከለው ነው። ጠዋት ቦዩ ጋ የታየውም እሱ ነው።»

«እሱንም አስቤዋለሁ» አለች። «ግን አንድ ነገር ቸገረኝ። ገመዱን ሲቋጥር ሰውየው የቆመው ሣር መሐል ነው። እግሩ ሥር ለሺህ ገመድ የሚበቃ የሜዳ ሣር አለ። ያንን ቢገምድ ኖሮ እኔም፣ አባ ጌታነህም አንለየውም ነበር። ለምንድን ነው ያንን ትቶ ቦይ ተሻግሮ፣ በጉም፣ በጭቃ፣ ደሾ ሊያመጣ የሄደው?» ሽማግሌዎቹ ተያዩ። «ማቴዎስ ቢሆን ከእግሩ ሥር ይመነጭቅ ነበር። ዛሬ በፊታችሁ መነጨቀ። ይሄ ሰው ግን መንቀል አልቻለም። እጁ ደም ነበረበት። ጎሜን የማይፈራ ሰው በደሾ አይቋጥርም።»

«ወሬ ነው» አለ ወልደየሱስ።

«ወሬ ከሆነ ጥሩ። አባ፣ ለለቅሶ አንድ እፍኝ ይነቀላል ብለውኛል። ሦስቱም ይንቀሉና ዳምጤ የወደቀበት ቦታ ያኑሩ።»

ማቴዎስ ጎንበስ ብሎ ነቀለ። ሸዋነሽ ነቀለች። ሁለቱም ሄደው ቦዩ ዳር አኖሩ።

ወልደየሱስ ዱላውን ለዲሪባ ሰጠና ጎንበስ አለ። ጣቶቹ ሣሩ አናት ላይ ደረሱ። እዚያው ቀሩ። ከበረቱ አንዲት ላም እምቧ አለች፤ በካፊያው ውስጥ ድምጿ ቅርብ መሰለ። ወልደየሱስ ቀስ ብሎ እጁን ሰበሰበና ብብቱ ውስጥ ከተተው።

«ከብቶቼ ምን አደረጉ?» አለ። ድምጹ የሌላ ሰው ነበር። «ገለባው ሻገተ። ቆመው እየከሱ ሳይ ምን ላድርግ? በጉም አስገብቼ በጉም ላወጣቸው ነበር። ዳምጤ መጣ። ዱቡሻ ላይ በሰው ፊት አቆምሃለሁ አለኝ። አንድ ጊዜ ነው የመታሁት። በእግዚአብሔር ስም፣ አንድ ጊዜ ብቻ።»

እስካሁን በአንቱታ ያናገረችው አሰፋሽ አንቱታውን ተወችው።

«አንድ ጊዜ መምታትህን አምናለሁ። ቁስሉም አንድ ነው። ግን ዳምጤ በዱላህ አልሞተም። አፍንጫው ጭቃ ሞልቷል፤ ቦዩ ውስጥ ሲተነፍስ ነበር። ቀና ብታደርገው በቂ ነበር። አንተ ግን በሱ ላይ ተራምደህ ሣር ልታመጣ ሄድክ፣ ደግመህም ተራምደህ ተመለስክ።»

ወልደየሱስ ጭቃው ላይ ተቀመጠ። ዲሪባ እጁን ሲያስረው ጫማውን አላየም።

አባ ጌታነህ ጎንበስ ብለው አንድ እፍኝ ሣር ነቀሉ። ቀጥሎም ሽማግሌዎቹ ሁሉ ከጠርዙ አንድ አንድ እፍኝ ሣር ነቅለው በሁለት እጃቸው ይዘው በዝናቡ ወረዱ። የት እንደሚሄዱ የጠየቀ የለም፤ የማያውቅም አልነበረም።

ሸዋነሽ ግን ቀድማቸው ቤቷ ገብታ ነበር። ኢንስፔክተሯ ልትሰናበታት ስትደርስ ከላሟ ሥር ቁጢጥ ብላ አገኘቻት።

«አሁን ማንም አያወጣሽም» አለች አሰፋሽ።

ሸዋነሽ ራሷን ነቀነቀች። ግንባሯን የላሟ ጎን ላይ አስደገፈች፤ ትከሻዋ ሁለት ሦስት ጊዜ ተናወጠ። ከዚያ አፍንጫዋን በክንዷ ጠረገችና ጡቱን ያዘች።

ከደጅ የእግር ድምፅ መጣ፣ ቆመም። «ሸዋነሽ» አለ የአባ ጌታነህ ድምፅ። «አጥፍተናል። ሣር ይዘን መጥተናል። አስገቢን።»

ካፊያው እንደገና ወደ ዝናብ ተለውጦ ቆርቆሮ በሌለው የቤቱ ክዳን ላይ ያለ ድምፅ ይወርድ ነበር።

«እንስፔክተር» አለች ሸዋነሽ ቀና ሳትል፣ «ስንት ናቸው?»

«መንደሩ ሁሉ ነው።»

«ዝናብ ላይ ነው የቆሙት?»

«ዝናብ ላይ።»

«ጠዋት ውኃ ስቀዳ ‹እንዴት አደራችሁ› ብላቸው ሳይመልሱልኝ ዝናቡን ሲያዩ ነበር። በደንብ አላዩት ይሆናል። ማለብ እስክጨርስ ይዩት።»

ላሟ የነበራት ወተት የአንዲት ስኒ ያህል ነው። ሸዋነሽ ጠብታ በጠብታ፣ ቀስ ብላ አለበቻት።